ኧረ የመጠቁም ያለህ!

መጽሐፍ መጻፍና መጽሐፍ ማሰናዳት ለየቅል ናቸው። ደራሲው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ አኑሮ እፎይ ሲል፣ ገጽ የምናቀናብረውና እርማት የምንለቅመው ሰዎች ገና ወገባችንን እንታጠቃለን። ምዕራፉ ተከፍሎ፣ የግርጌ ማስታወሻው ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ፎቶው ገብቶ ሁሉም ያለቀ ሲመስል አንድ ነገር ይቀራል፤ ከመጽሐፉ ጀርባ የሚቀመጠው፣ ስሙንና ጉዳዩን ከነገጽ ቁጥሩ የሚዘረዝረው ማውጫ። ብዙዎቻችን ኢንዴክስ እንለዋለን፤ በጥናት መጻሕፍት ላይ መጠቁም ተብሎም ይገኛል። እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ነው።

እሮሮው የግሌ አይደለም። ሌይአውት የሚሠራው ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚያሰናዳው ተማሪ፣ የአባቱን የእጅ ጽሑፍ ለማሳተም ደፋ ቀና የሚለው ልጅ፣ ሁሉም እዚህች ነጥብ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይጠቁራል። የሚጠይቁትም አንድ ነው፤ «ይህ ነገር በአማርኛ ለምን አይሠራም?» መልሱ ረጅም ነው። አብዛኛው ግን ተደብቆ የሚገኘው የስታይል ፋይል በምትባል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ በማትበልጥ ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

መጠቁም የሌለው የታሪክ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያንገላታ የሚያውቀው አንድ ነገር አስቸኩሎት የፈለገ ሰው ነው። ተመራማሪው ስለ አንድ ደጃዝማች የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ፍለጋ ወፍራሙን ግለ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ያገላብጣል፤ ሲታክተው «የለም» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን አለ። ደራሲው ዓመታት የለፋበት መረጃ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የሚታተሙት የጥናት መጻሕፍት ያለ መጠቁም እምብዛም አይወጡም፤ በአማርኛ የሚታተሙት ግን፣ ወፍራሞቹም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ያለ መጠቁም ይወጣሉ። የደራሲው ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ስሞቹን በእስክሪብቶ እያሰመረ ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ያመጣ ደራሲ «ይህ በአማርኛ አይቻልም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁና።

ሥራው በመሠረቱ እንዲህ ነው። ጸሐፊው በጽሑፉ መሐል፣ ስሙ በተነሣበት ቦታ፣ ለአንባቢ የማይታይ ምልክት ያኖራል። ፕሮግራሙ ምልክቱ ያረፈበትን ገጽ እየመዘገበ በአንድ ፋይል ያከማቻል። ሌላ ፕሮግራም ያንን ፋይል ይቀበልና በፊደል ተራ ይደረድራል፤ ተደጋጋሚውን ያጣምራል፤ ተከታታይ ገጾችን «12–15» ብሎ ያሳጥራል። በላቴክ ዓለም ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሜክኢንዴክስ የሚባለው ነው። የሠራው ፔሆንግ ቼን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሳለ ሲሆን፣ የላቴክ አባት ሌስሊ ላምፖርት የጻፈለት አጭር መመሪያ የ1987 እ.ኤ.አ. ቀን ይዟል። ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሮ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የስንቱን መጽሐፍ መጠቁም ያወጣል፤ ለሠሩት ሰዎች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

የመጠቁሙን መልክ የሚወስነው የስታይል ፋይሉ ነው። በግራ የትእዛዙ ስም፣ በቀኝ የሚፈለገው ምልክት ይጻፍበታል። በቃሉና በመጀመሪያው የገጽ ቁጥር መካከል ምን ይግባ? በገጽና በገጽ መካከልስ? ከዚህ እስከዚህ የሚለው ሰረዝ አጭር ይሁን ረጅም? ንዑሱ ቃል ምን ያህል ገባ ብሎ ይጻፍ? የፊደል ርዕስ ይኑር አይኑር? ካልተነገረው ሁሉንም በእንግሊዝኛ ልማድ ይሠራዋል። ከቃሉ ቀጥሎ የላቲኑን ኮማ ያስገባል፤ ያቺ ኮማ በአማርኛ ገጽ ላይ ዓይን ትወጋለች። ዴሊም ዜሮና ዴሊም ኤን በሚባሉት ትእዛዞች አንጻር የራሳችንን ነጠላ ሰረዝ «፣» ስናኖርለት ግን ያለ ማንገራገር ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የተሳካልን ይህ ስለሆነ ሳልመሰክርለት አላልፍም።

ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ አጻጻፍ ጣጣ ነው። የላቴክ ትእዛዝ የሚጀምረው ወደኋላ ባጋደለችው ሰረዝ \ ነው። በስታይል ፋይሉ ውስጥ ግን ያቺ ሰረዝ ሁለት ሆና ካልተጻፈች ፕሮግራሙ እሷንና ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ሆሄ በሌላ ትርጉም ይወስዳቸዋል። የገጹ ቁጥር ደመቅ ብሎ እንዲጻፍ የታዘዘው ትእዛዝ መነሻ ሆሄውን ያጣና ጎዶሎው ስም ራሱ ከቁጥሩ አጠገብ ታትሞ ይወጣል። አንድ ሆሄ ብቻ ለሚቀበል ትእዛዝ ምልክቱ በነጠላ ጥቅስ፣ ሐረግ ለሚቀበል ትእዛዝ ደግሞ፣ አንድ ምልክት ብቻ ቢሆንም፣ በድርብ ጥቅስ መታጠር አለበት። የትእዛዙ ስም በአንድ ሆሄ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ዘልሎ ሥራውን ይቀጥላል። መጠቁሙ ይወጣል፤ የተጠየቀው መልክ ግን የለም። ምን እንደሆነ የተጻፈው ፕሮግራሙ የሥራውን መዝገብ በሚይዝበት በሎግ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ስንት ትእዛዝ ተቀበለ፣ ስንቱን ዘለለ ብሎ በአንዲት መስመር ይገልጸዋል። ያቺን መስመር የሚያነብ ስንት ሰው አለ? በየኮሌጁ ላቴክ ሲሰጥ ስለ እኩልታ አጻጻፍ ብዙ ይባላል፤ ሎግ ፋይል ከፍቶ ማንበብን ግን የሚያስተምር ብዙም አላየሁም።

የፊደል ርዕሱ ጋ ስንደርስ ነው ልብ የሚሰበረው። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ተራውም ሀ ለ ሐ መ ብሎ በወጉ ተሰልፏል። ዛሬ ሁሉም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ ደግሞ የመጀመሪያው ባይታቸው አንድ ነው። ሜክኢንዴክስ የተሠራው አንድ ሆሄ አንድ ባይት በነበረበት ዘመን ስለሆነ የቃሉን መነሻ የሚለየው በመጀመሪያዋ ባይት ብቻ ነው። ለእሱ ሐረርም፣ መቅደላም፣ ፋሲለደስም በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ናቸው። የፊደል ርዕስ አውጣ ሲባል ለጠቅላላው መጠቁም አንድ ርዕስ ብቻ ያወጣል፤ እሱም የፊደል ሲሶ ነው። ሲሶ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለ ገጽ የሚያቀናብረው ፕሮግራም ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ በርዕሱ ቦታ ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል።

ርዕሱ ይቅር ብንል እንኳ መከራው አያልቅም። በእንግሊዝኛው መጠቁም አንዱ ፊደል አልቆ ሌላው ሲጀምር ጥቂት ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በእኛው ፊደሉ ተለወጠ ብሎ የሚያውቅ ስለሌለ ክፍት ቦታውም አይመጣም። ስሙ በስም ላይ ተከምሮ፣ ገጽ በገጽ ላይ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ እኮ ትክክል ነው! በባይት ተራ የተደረደረው ከፊደል ገበታችን ተራ ጋር ይገጥማል። ከባዱ ነገር ያለ ችግር አልፎ፣ ርዕስና ክፍተት የሚያህል ነገር የዓመታት ራስ ምታት ሆኖ መቅረቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

በዚያ ላይ እኛ የምንፈልገው ርዕስ ለእያንዳንዱ ሆሄ አይደለም። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ፣ ሏ ሁሉም በአንድ «ለ» ሥር ይግቡ ነው የምንለው። ልደታና ሎሚ በተለያየ ርዕስ ሥር ቢወድቁ መጠቁሙ ከቃሉ ብዛት ይልቅ በርዕስ ብዛት ይሞላል። ይህንን ቤተሰብነት የሚገልጽ ትእዛዝ ሜክኢንዴክስ ውስጥ የለም። ያለው የትልቅና የትንሽ ሆሄ ምርጫ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ርዕሱ በትልቁ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ በትንሹ ይጻፋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? የወጣውን ፋይል እንከፍትና ርዕሶቹን በእጃችን እናስገባለን። ሀ፣ ለ፣ መ እያልን፣ ክፍተቱን እየለካን፣ እስከ ፈ እንወርዳለን። ሥራው ያምራል። በማግስቱ ደራሲው ይደውላል። «አንዲት አንቀጽ ረስቼ ነበር፤ መግቢያው ላይ ብትጨመርልኝ።» አንቀጿ ትገባለች፤ ገጹ ይገፋል፤ የመጠቁሙ ቁጥር ሁሉ ይዛባል። እንደገና ሲወጣ በእጅ የገባው ርዕስ በሙሉ ይጠፋል። ይህ ያልደረሰበት የመጽሐፍ ሠራተኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። በዎርድ የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም፤ ኢንዴክሱን አዘምን ያሉት ዕለት በእጃቸው ያስተካከሉት ሁሉ ተጠርጎ ይሄዳል። የተደበቁት ምልክቶች በስክሪኑ ላይ እየታዩ ከተዘመነም ምልክቶቹ ራሳቸው ቦታ ስለሚይዙ የገጽ ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። ሐሰተኛ ቁጥር ያለው መጠቁም ደግሞ ከሌለው ይብሳል፤ አንባቢው አንድ ጊዜ ከተታለለ ዳግመኛ አያምነውም።

የመቅድሙ ገጾች የራሳቸው ጉድ አላቸው። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ምስጋናውንና መቅድሙን በግዕዝ አኃዝ ይቆጥራሉ፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ። ሌሎች ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሉታል። ሁለቱም ያማሩ ልማዶች ናቸው፤ መተው አይገባንም። ሜክኢንዴክስ የሚያውቃቸው የገጽ ቁጥሮች ግን አምስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ የተለመደው አኃዝ፣ ትንሹና ትልቁ የሮማ ቁጥር፣ ትንሹና ትልቁ የላቲን ሆሄ። በስታይል ፋይሉ ውስጥ የእነዚህን ቅደም ተከተል መለወጥ ይቻላል፤ ስድስተኛ መጨመር ግን አይቻልም። «፲፪» የሚል ገጽ ሲመጣበት ሕገወጥ የገጽ ቁጥር ነው ብሎ ምልክቱን በሙሉ ይጥለዋል። ገጹን ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው በመቅድሙ ላይ ብቻ ተነሥቶ እንደሆነ ስሙ ከመጠቁሙ ጨርሶ ይጠፋል። ደራሲው በመቅድሙ ያመሰገናቸው፣ መረጃ የሰጡት፣ ደብዳቤና ፎቶ ያዋሱት ሽማግሌዎች ናቸው የሚጠፉት። ለዘመናት ቤተ ክህነት የቆጠረችበት አኃዝ ሕገወጥ ሲባል ማየት ያማል።

ዚንዲ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ሮጀር ኬር በ1990ዎቹ በጀርመን አገር፣ በዳርምሽታት ሠራው፤ ዓላማውም የሜክኢንዴክስን የእንግሊዝኛ ጠባይ ማላቀቅ ነበር። ዚንዲ ይችላል። ይህ ፊደል ከዚያኛው ይቀድማል፣ እነዚህ ስምንት ሆሄዎች በአንድ ርዕስ ሥር ናቸው፣ ይህ ዓይነት የገጽ ቁጥር እንዲህ ይቆጠራል ተብሎ ሊነገረው ይችላል። የስታይል ፋይሉ የሚጻፈው ግን ሊስፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥርዓት ነው፤ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ በዚያም ውስጥ ቅንፍ። አንዷ ካልተዘጋች ሁሉም ይቆማል። ታሪክ አጥንቶ ወይም ሥነ ጽሑፍ ተምሮ አርታኢ ከሆነ ሰው ይህን መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ዚንዲ ለብዙ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ደንብ ይዞ ይመጣል። ጆርጂያኛ አለው፣ ሐውሳ አለው፣ ኤስፔራንቶ አለው። ለፊልም ተብሎ የተፈጠረው የክሊንጎን ቋንቋም አለው። አማርኛ የለውም። ክሊንጎንን ያስገቡትን አልነቅፍም፤ የሚወዱት ቋንቋ ነው፣ ተቀምጠው ደንቡን ጻፉለት፣ ሰጡ። የሚቆጨኝ የእኛ አለመቀመጥ ነው። ደግሞ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እነ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ኢትዮፕ የሚባለውን የላቴክ ጥቅል አዘጋጅተው አማርኛ በላቴክ እንዲጻፍ ያደረጉት ዩኒኮድ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ ነው። ያኔ የፊደሉን ቅርጽ ራሱ አብሮ ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ፊደሉ አለ፣ ቅርጹ አለ፤ የቀረው የመደርደሪያው ደንብ ነው።

ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ የሚሠሩት ዕጣቸው ከዚህ የተሻለ አይደለም። ፕሮግራሙ መጠቁሙን በየጽሕፈቱ ዓይነት ይከፋፍላል፤ ላቲን፣ ግሪክ፣ ሲሪሊክ፣ የቻይናና የኮሪያ እያለ። የግዕዝ ፊደል ክፍል አላገኘሁበትም። የድሮውን ዘመን የሚያስታውሱ ደግሞ የባሰ ያውቃሉ፤ ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ደርድር ሲባሉ የሚደረድሩት እኛ በማናየው የላቲን ተራ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየቡ ብዙ የእጅ ጽሑፎች ዛሬም ለኅትመት ይመጡልናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ቢገኝ እንኳ ማንም ፕሮግራም በራሱ የማይፈታልን የራሳችን ነገር አለ። ኃይሌ፣ ኀይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ። ዐፄ፣ አፄ፣ ዐጼ፣ አጼ። በአንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዴ በአንድ ገጽ ላይ ሁሉንም እናገኛቸዋለን። በዩኒኮድ ተራ ሀይሌ ከመጠቁሙ መነሻ ላይ ይቀመጣል፤ ኃይሌ ከቸ በኋላ፣ ከነ በፊት ይወድቃል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተከፍሎ የገጽ ቁጥሩም ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያውን ያየ አንባቢ ሁለተኛውን አይፈልግም፤ ያለቀ ይመስለዋል። ምኒልክ፣ ምኒሊክ፣ ሚኒልክ፣ ሚኒሊክም እንዲሁ። ገብረ መድኅን ተነጥሎ፣ ገብረመድህን ተቀጥሎ፣ ገ/መድህን በእዝባር ተቆርጦ ሲጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል። ሜክኢንዴክስ በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንዳይቆጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አይዋሐዱም።

የሚቻለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ስም መደርደሪያ ስም ማበጀት ነው። በ@ ምልክት ፊት የሚደረደርበትን፣ ከምልክቱ በኋላ የሚታተመውን መጻፍ። ኃይሌ ታትሞ በሀ ሥር እንዲገባ ማድረግ በዚህ ይቻላል። ግን በየቦታው፣ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ፣ ያለ አንዲት ስህተት መደገም አለበት። አንዱ ቦታ ላይ መደርደሪያው ከተረሳ ያው ስም ሌላ ሰው ሆኖ ለብቻው ይቆማል። ትልቅ መጽሐፍ ላይ ይህን የሠራ ሰው ዓይኑ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

የማዕረግ ስም ሌላው ነው። አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስ፣ አፄ ምኒልክ ሁሉም እንደተጻፉ ከገቡ በአ ሥር ይሰለፋሉ፤ ራሶቹ በረ፣ ደጃዝማቾቹ በደ። አንድ ሰው በመጽሐፉ መሐል ከፊታውራሪ ወደ ደጃዝማች፣ ከደጃዝማች ወደ ራስ ከፍ ካለ ሦስት ቦታ ይገኛል። ለእኔ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሰው በስሙ ይደርደር፣ ማዕረጉ ከስሙ በኋላ በነጠላ ሰረዝ ይቀመጥ። የአባት ስም አስቀድሞ ማዞር ደግሞ ጨርሶ የእኛ አይደለም። «ዘውዴ፣ ባሕሩ» የሚል መስመር በአማርኛ መጠቁም ውስጥ ሲገባ ባሕሩን የሚፈልግ ሰው በበ ሥር አያገኘውም። ይህ የሚመጣው ከባዕድ ስታይል ነው፤ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብለው ከሚያስቡ መሣሪያዎች።

አማካሪዎችና ገምጋሚዎች በአጻጻፉ ጉዳይ ሊረዱን ሲገባ ብዙ ጊዜ ያከብዱብናል። አንዱ ሞክሼ ፊደላት እንደ አመጣጣቸው ይጠበቁ ይላል፤ ሌላው በአንዱ ይጠቃለሉ ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ክርክሩም የቆየ ነው። የፊደሉ ተራ ራሱ አንድ አይደለም፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የሚሄደው በአበገደ ነው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው በሀለሐመ ነው። ደራሲው ይምረጥ፤ መብቱ ነው። ግን ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ይምረጥና ይንገረን። በመጨረሻው ሳምንት፣ ማተሚያ ቤቱ ፕሌት ሊያወጣ ሲል የሚመጣ «ሐን ወደ ሀ መልሱልኝ» የሚል ትእዛዝ ሰውን ያሳብዳል። ስለ ሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ የሚጽፉት ደግሞ ከሁላችንም የከፋ ነው ችግራቸው፤ ተጨማሪ ሆሄያታቸው ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት ዘግይተው በ2005 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የተቀመጡት ከፐ በኋላ በሌላ ስፍራ ነው፤ ሲደረደሩም ከቤተሰባቸው ተነጥለው መጨረሻ ላይ ይወድቃሉ።

«መጠቁም ምን ያደርጋል፣ ፒዲኤፉን መፈለግ ነው» የሚሉኝ ወጣቶች በርክተዋል። እስቲ ፀሐይ ብለው ይፈልጉ፤ ጸሀይ ተብሎ የተጻፈውን አያገኙትም። ዓድዋ ብለው ይፈልጉ፤ አድዋ ያመልጣቸዋል። ከተማ ብለው ቢፈልጉ ስለ ከተማ የሚያወራውም፣ ከተማ የሚባል ስም ያለው ሰውም በአንድነት ይጎርፍባቸዋል። ስለ ርስት ሙግት የሚያወሳው ገጽ ርስት የሚለውን ቃል ላይጠቅሰው ይችላል፤ አንብቦ የተረዳ ሰው ነው እዚያ ቁጥሩን የሚያኖር። በዚያ ላይ መጽሐፉ በእጁ ያለው፣ ኮምፒውተር የሌለው አንባቢስ? በየክልሉ ቤተ መጻሕፍት የሚያነበው እኮ እሱ ነው።

በዎርድ ቃላቱን በራሱ እንዲያስስ በሠንጠረዥ ዝርዝር መስጠት ይቻላል ይባላል። ይቻላል፤ ግን ቃሉን እንደተጻፈ ብቻ ነው የሚያውቀው። የጎንደር፣ በጎንደር፣ ከጎንደር፣ ጎንደርን፣ ጎንደርም፣ ለጎንደርና ሁሉም ለየብቻ መዘርዘር አለባቸው። ግስማ አይነሣ።

የሚከፋኝ ደግሞ ይህ ድካም ሳይቀመጥ መቅረቱ ነው። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ብልሃት ፈጥረናል። አንዱ ርዕስ የምታስገባ ትንሽ ፕሮግራም ጽፏል፤ አንዱ የዚንዲን ቅንፎች ታግሎ የለ እና የመ ቤተሰብን አስተካክሎ ሰ ላይ ደክሞት ቆሟል፤ አንዷ የግዕዙን አኃዝ ወደ ሮማ ቁጥር ለውጣ ከተደረደረ በኋላ መልሳ ግዕዝ የምታደርግበት መንገድ አላት። መጽሐፉ ሲታተም ፋይሉ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ቀጣዩ ሰው ከሀ ይጀምራል።

ስለዚህ ልመናዬ ግልጽ ነው። የሠራችሁት የስታይል ፋይል ካላችሁ፣ ጎዶሎም ቢሆን፣ አውጡትና ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያስተካክለው በነጻ ስጡ። ሆሄያት በቤተሰብ የሚሰበሰቡበትን፣ ሞክሼዎች ሲደረደሩ አንድ ሆነው ሲታተሙ ደራሲው እንደጻፋቸው የሚቀሩበትን፣ የግዕዝ አኃዝ የሚቆጠርበትን፣ ነጠላ ሰረዛችን በቦታዋ የምትገባበትን አንድ የአማርኛ ደንብ አስተባብረን ለዚንዲ ብንልክ ከክሊንጎን አጠገብ ስማችን ይሰፍራል። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን፣ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጡላችኋል፤ ይህንን ስጧቸው፤ በአንድ መንፈቅ የሚያልቅ፣ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ሥራ ነው። ደራሲዎች፣ አጻጻፋችሁን ቀድማችሁ ወስኑ፤ ስሞቻችሁን በአንድ መልክ ጻፉ። አሳታሚዎች ደግሞ፣ የኅትመቱን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት መጠቁሙ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁን፤ የነገርናችሁንም ያህል ቀን ስጡን።